በአያቴ ስም የተላከው አክታ

የነርስነት ትምህርት ቤት በገባሁ በአራተኛው ወር ለገና ዕረፍት ወደ ሮቤ መጣሁ። ከአዲስ አበባ ሁለት ቀን በአውቶቡስ ተጉዤ ቤት ስደርስ ማንም በር ላይ አልጠበቀኝም። እናቴ ግንባሯን በሻሽ ጠፍራ ተኝታለች። ሁለቱ ታናናሽ እህቶቼ በአንድ ብርድ ልብስ ተጠቅልለው እየተፈራረቁ ይስላሉ። ጉንፋኑ ከተማውን ሁሉ አዳርሶ ኖሯል። በትምህርት ቤታችን የተማርነው ስሙ ኢንፍሉዌንዛ ነው፤ ሮቤ ግን «የዘንድሮው ጉንፋን» ብቻ ይለው ነበር። በገበያ ቀን እንኳ ከአጋርፋ ገብስ ጭነው የሚመጡት ነጋዴዎች ግማሾቹ ቀርተው እንደነበር ነገሩኝ።

ከቤቱ ሰው በእግሩ ቆሞ ያገኘሁት አያቴን ብቻ ነው። የእናቴ አባት ናቸው። ከሁሉ ቀድመው ታመው ከሁሉ ቀድመው ተነሥተዋል። በጋቢያቸው ላይ አሮጌውን ካፖርት ደርበው፣ ሳሎኑ መካከል ቀጥ ብለው ቆመው ጉንጬን ሳሙኝ።

«እንግዳ መጣ፤ የሚያስተናግድ ግን ጠፋ። ይቅርታ አድርጊልን» አሉኝ።

አያቴ እንዲህ ናቸው። በወጣትነታቸው ጎባ፣ በአገረ ገዢው ግቢ አጋፋሪ ነበሩ። ግብር ሲበላ ማን ከማን አጠገብ እንደሚቀመጥ፣ ማን ቀድሞ እንደሚገባ የሚያስተናብሩ እሳቸው ነበሩ። ግቢው ከቀረ ብዙ ዘመን ቢሆነውም ሥርዓቱ ከእሳቸው ጋር ወደ ቤታችን መጥቷል። ሰው ፊት አያዛጉም። ሳል ሲመጣባቸው ወደ ግድግዳው ዞረው፣ በጋቢያቸው ጫፍ አፋቸውን ሸፍነው፣ ድምፁን ወደ ውስጥ ይመልሱታል። ሰው ፊት መትፋትማ ለእሳቸው ሰው ፊት ልብስ ከማውለቅ አይለይም። ሸሚዝ እንኳ ሲቀይሩ በሩን ዘግተው ነው።

ስለ ኢንፍሉዌንዛ የተማርነው ለዕረፍት ከመለቀቃችን ጥቂት ቀን ቀደም ብሎ ነበር። መምህራችን በሽታው ጎልማሳውን አንገላቶ እንደሚለቀው፣ በዕድሜ የገፋውን ሰው ግን የመተንፈሻ አካሉን ገላልጦ በሩን ክፍት ትቶ እንደሚሄድ አስረድተውን ነበር። በዚያ በር ሌሎች ተሐዋስያን ገብተው ሳንባ ያቆስላሉ። አንዳንዴም ሁለት ዓይነት ሆነው አብረው ይገባሉ። ይህን ሁሉ በደብተሬ በጥሩ ጽሕፈት ገልብጬው፣ ከሥሩም በቀይ አስምሬበት ነበር። ሆኖም አያቴን ቆመው ሳያቸው «አባባማ ድነዋል» ብዬ ለእናቴ አበሠርኳት። ደስ ይላት ዘንድ ቸኩዬ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ከጎረቤታችን አውድማ ሲመለሱ ጥርሳቸው እየተንቀጫቀጨ ገቡ። ፀሐዩ ድንጋይ የሚያሞቅ እኩለ ቀን ነው። ሦስት ጋቢ ደረብንላቸው፤ አልበቃም። ከዚያ ሰውነታቸው እንደ ምድጃ ጋለ። በቀኝ ጎናቸው እንደ ጦር የሚወጋ ነገር እንዳለ የነገሩኝም ሦስት ጊዜ ከጠየቅኋቸው በኋላ ነው። ትንፋሻቸውን ቆጠርኩ። ቁጥሩን በዚያን ቀን ከአልጋዋ ለተነሣችው እናቴ አልነገርኳትም።

በማግሥቱ ጠዋት በመጀመሪያው አውቶቡስ፣ ከሾፌሩ ጎን አስቀምጠን ጎባ ሐኪም ቤት አደረስናቸው። ሐኪሙ የውጭ አገር ሰው ናቸው። አማርኛ ይናገራሉ፤ ግን ቁርጥ ቁርጥ አድርገው ነው። የአያቴን ጀርባ በጣታቸው መታ መታ አደረጉ፤ ለረጅም ጊዜም አዳመጡ።

«ሳንባ ምች» አሉ። «ቀኝ፣ ታች። አልጋ ሁሉ ሞልቷል፤ ኮሪደርም። ፔኒሲሊን እሰጣለሁ። ሮቤ ያለው ድሬሰር ጠዋት፣ ማታ ይወጋል።»

ከዚያ ክዳን ያላት ትንሽ ብርጭቆ ከመደርደሪያ አወረዱ።

«ነገ ጠዋት አክታ እፈልጋለሁ። ከደረት፣ ከጥልቅ። ምራቅ አይደለም። ሽማግሌ ከኢንፍሉዌንዛ በኋላ እንዲህ ሲታመም፣ አንዳንዴ ሳንባው ውስጥ ሁለት እንግዳ አለ። ሁለቱ አንድ መድኃኒት አይፈሩም። ስለዚህ ማየት አለብኝ። ማን ያመጣል?»

«እኔ» አልኩ። የነርስ ተማሪ እንደሆንኩም ጨመርኩ።

«አሃ፣ ነርስ! ጥሩ። አንቺ ታመጫለሽ።»

ተማሪ እንጂ ነርስ አለመሆኔን ደግሜ ማስረዳት ነበረብኝ። አላስረዳሁም። እስከ ሮቤ ድረስ ብርጭቆዋን እንደ ሽልማት ይዤ ተቀመጥኩ።

በነጋታው ማለዳ ብርጭቆዋን ይዤ አያቴ ክፍል ስገባ ጎረቤታችን ቀድመውኝ ገብተው፣ አልጋው አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። ባለ አውድማው እሳቸው ናቸው። ገብስና ስንዴ ያርሳሉ፤ ፈረስ ያረባሉ። የአያቴ እኩያ፣ የኦሮሞ ሽማግሌ፣ የመስጊዱ ሰው ናቸው። የሰፈሩ ልጆች ሁላችንም በኦሮምኛ «አዴራ» እንላቸዋለን፤ አጎቴ እንደማለት ነው። ሁለቱ ሽማግሌዎች እኔ ከመወለዴ በፊት ጀምሮ በሁለት ቋንቋ ሲነታረኩ የኖሩ ወዳጆች ናቸው። አዴራ ትምባሆ ስለሚያጨሱ ሳላቸው ከሦስት ቤት ወዲያ ይሰማል። እናቴ አዴራ መምጣታቸውን የምታውቀው በሳላቸው ነው።

አያቴ ብርጭቆዋን አዩ፤ ከዚያ እኔን አዩ።

«ምን ሊደረግባት ነው?»

አስረዳኋቸው። ከደረት፣ ከጥልቅ፣ ምራቅ ሳይሆን። እንደተባልኩት ሁሉንም በቅደም ተከተል ነገርኳቸው።

«የእኔን አክታ ይዘሽ አገር አቋርጠሽ ልትሄጂ?»

«አዎ፣ አባባ።»

«እና ያ ሰውዬ በመነጽር ሊያየው?»

«በማይክሮስኮፕ ነው፣ አባባ።»

«ከመነጽር የባሰ!» አሉ አዴራ።

አያቴ ዓይናቸውን ጨፈኑ። «መልካም። አንቺ ውጪ ቆዪ። በሩንም ዝጊው።»

ወጣሁ። በሩንም ዘጋሁት። ግቢው ውስጥ ውርጩ ገና ከሣሩ ላይ አልለቀቀም ነበር። ጥቂት ቆይቶ ከውስጥ ግድግዳ የሚያናጋ ሳል ሰማሁ። ያን የሚያህል ሳል ከደከመ ሰው በመውጣቱ ተደነቅሁ፤ ደስም አለኝ። አዴራ ብርጭቆዋን ከድነው፣ በሁለት እጃቸው ይዘው ብቅ አሉ።

«ይኸው። ሞልቷል። ቶሎ ሂጂ» አሉኝ። ዓይኔን አላዩም። እኔ ግን ለጨዋነት መስሎኝ ነበር።

አውቶቡስ ውስጥ ብርጭቆዋን በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልዬ ጭኔ ላይ አስቀመጥኩ። አጠገቤ የተቀመጡት ሴት ጥቂት ካዩኝ በኋላ «ማር ነው የያዝሽው፣ ልጄ?» አሉኝ።

«አይደለም፣ እመቤቴ። አክታ ነው።»

«ይማርሽ» ብለው ተነሥተው ሌላ ወንበር ፈለጉ።

ሐኪሙ ያመጣሁትን በመስታወት ላይ ቀብተው፣ ቀለም አፍስሰውበት በማይክሮስኮፑ አዩ። «እምብዛም የለም» አሉ። «አንድ ዓይነት፣ ጥቂት። የፈራሁት የለም። ፔኒሲሊን ይበቃል።» እኔም «ይበቃል» የምትለዋን ቃል ይዤ ሮቤ ገባሁ። ለእናቴ፣ ለድሬሰሩ፣ ሊጠይቁ ለመጡት ሁሉ «ሐኪሙ አይተውታል፤ ይበቃል ብለዋል» እያልኩ ነገርኩ። ሰው «ተባረኪ፣ ጎበዝ» ሲለኝ ደስ ይለኝ እንደነበር መደበቅ አልፈልግም።

ግን አልበቃም። ድሬሰሩ ሰዓቱን ጠብቆ እየመጣ ይወጋል፤ ትኩሳቱ ትንሽ ጎንበስ ይልና ተመልሶ ይነሣል። በሦስተኛው ቀን የአያቴ ከንፈር ጠቆረ። አጥሚቱን ከማንኪያ ላይ መሳብ አቃታቸው። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ፣ ክፍሉ ውስጥ ከእናቴና ከእኔ በቀር ሰው ሳይኖር፣ ጣታቸውን ወደ ግድግዳው ጠቁመው ሰው ማስቀመጥ ጀመሩ።

«ቀኛዝማች፣ እርስዎ ወደዚህ… አይ፣ እዚያ የፊታውራሪ ነው… ወንበሩን ጨምሩ…»

እናቴ እጃቸውን ያዘች። «አባባ፣ ማንም የለም እኮ። እኛ ነን።»

«ቆመዋል እኮ፣ ልጄ» አሏት። «ሰው ቆሞ እኔ እንዴት እተኛለሁ?»

ሊነሡም ሞከሩ። ሁለታችን ትከሻቸውን ይዘን መለስናቸው። እናቴ ወደ ጓዳ ገብታ አለቀሰች። እኔ ደብተሬን አውጥቼ ያን በቀይ ያሰመርኩበትን ገጽ ደግሜ ደጋግሜ አነበብኩ። ሁለት እንግዳ እንደሌለ ሐኪሙ በዓይናቸው አይተዋል። ታዲያ መድኃኒቱ ለምን እምቢ አለ? ድሬሰሩን ብጠይቀው «ሐኪሙ ይበቃል ካሉ እኔ ምን እጨምራለሁ? እንግዲህ ዕድሜም አለ» አለኝ። አያቴ ሊሞቱ እንደሆነ ያኔ ገባኝ።

አዴራ ረፋዱ ላይ መጡ። አያቴን አይተው እንደ ልማዳቸው አልቀለዱም። ጥቂት ተቀምጠው ተነሡና በዓይናቸው ጠቀሱኝ። ተከትያቸው ከቤቱ ጀርባ፣ እንጨቱ ከተከመረበት ሄድኩ።

«ያ መርፌ አልሠራም፣ አይደል?»

«አልሠራም፣ አዴራ። ምክንያቱ አልገባኝም። ሐኪሙ አክታቸውን አይተው…»

«አላየም» አሉኝ።

«እኔ ራሴ አጠገባቸው ቆሜ ነው ያዩት እኮ!»

«የሱን አላየም። የኔን ነው ያየው።» ጢማቸውን ጎተቱ። «ያን ለት አንቺ ስትወጪ ብርጭቆውን አየና 'እኔ እዚህ ውስጥ ልተፋ? ሞቼ ልገኝ' አለ። 'አንተ መቼም አታጣም፤ ያው አንድ ነው፤ ስጥልኝ' አለኝ። ወዳጅ ሲለምን ምን ይባላል? ሁለታችንንም የያዘን ያው ጉንፋን ነው፤ ሳልም ሳል ነው ብዬ… ዋላሂ፣ ልጄ፣ ክፉ አላሰብኩም።»

ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር። ልጮኽባቸው ነበር፤ ግን በሩን የዘጋሁት እኔ ነኝ። መምህራችን «ናሙና ሲወሰድ ከሕመምተኛው አትለዩ» ብለውናል። ይህንንም ጽፌዋለሁ። የወጣሁት አያቴ ውጪ ስላሉኝ ነው፤ እንቢ ብል ባለጌ እንዳልባል ብዬ። ሐኪሙ ነርስ ብለውኝ ነበር፤ እኔ ግን ነርስ ከመሆን ጨዋ ልጅ መሆንን መረጥኩ።

ከድሬሰሩ የተቀቀለ ሌላ ብርጭቆ ለምኜ ተመለስኩ። አያቴ ቅዠቱ ለቋቸው፣ ጣራውን እያዩ በአጭር በአጭሩ ይተነፍሳሉ። አዴራ ከበስተኋላዬ ቆሙ። እናቴም መጣች።

«አባባ» አልኳቸው፣ «የጎባው ሐኪም እስከ ዛሬ ሲያክሙ የቆዩት የአዴራን ሳንባ ነው።»

አያቴ ቀስ ብለው ወደ ወዳጃቸው ዞሩ።

«ነገርካት?»

«ነገርኳት። ለካ ለዚህ ነው ከሰሞኑ የተሻለኝ! መርፌውን አንተ ተወጋህ፣ እኔ ዳንኩ።»

አያቴ ሳቁ። ሳቁ ሳል ሆነባቸው፤ ወዲያው ወደ ግድግዳው ዞረው አፋቸውን ሊሸፍኑ ታገሉ፤ አቅም ግን አልነበራቸውም። ቀና አድርጌ ያዝኳቸው።

«አባባ፣ ይህን ነው የምፈልገው። ወደ ውስጥ አይመልሱት።»

«ሰው ፊት አይሆንም። ውጡ።»

«አልወጣም። ብቻዎን ቀና ብለው መቀመጥ አይችሉም። ያን ለት በመውጣቴ ነው እዚህ የደረስነው።» በሕይወቴ አያቴን እንቢ ስል ያ የመጀመሪያዬ ነበር።

ከዚያ አዴራ ጋቢያቸውን ከትከሻቸው አወረዱ።

«አንተ ሰውዬ፣ አገረ ገዢው ደጃዝማች ሲጎርሱ፣ ሲጠጡ፣ ዓይን እንዳያያቸው ሸማ ይዘህ ትጋርድ አልነበር?»

«እጋርድ ነበር።»

«ስንት ዘመን?»

«አስራ አንድ ዓመት።»

«እንግዲያው ዛሬ ላንተ ይጋረዳል። ነይ፣ ልጄ፣ ጫፉን ያዢ» አሉና የጋቢውን አንድ ወገን ለእናቴ ሰጧት። ሁለቱ በአልጋው ፊት ወጥረው ያዙት፤ ፊታቸውንም ወደ በሩ አዞሩ።

አያቴ ጋቢውን ከላይ እስከ ታች ተመለከቱ።

«ዝቅ ብሏል» አሉ።

«ምን?»

«ግራህ ዝቅ ብሏል። ከፍ አድርገው። እንዲህ ተይዞ ያውቃል? በእኔ ጊዜ ቢሆን ከደጅ ያስወጡህ ነበር።»

«አላህ ያሳይህ፣ እየሞተ ያዝዘኛል!» አሉ አዴራ። ግን ከፍ አደረጉት።

«እሷስ?» አሉ አያቴ እኔን እያዩ። እኔ ከጋቢው በዚህ በኩል፣ ከጀርባቸው ተቀምጬ ደግፌያቸዋለሁ። ራሳቸው ጠይቀው ራሳቸው መለሱ። «ይሁን። አሳላፊም ከመጋረጃው ውስጥ ይገባ ነበር።»

ጎናቸውን በትራስ ደገፍኩላቸው። በጥልቁ ተንፍሰው ሳሉ፤ ደግመውም ሳሉ። ጣቶቻቸው በሕመሙ እጄን ጨበጡ። በሦስተኛው ከጥልቅ መጣ። ወፍራም፣ ዝገት የመሰለ፣ መካከሉ ቢጫ። ክዳኑን ራሳቸው ከደኑት። «በቃ፤ አውርዱት» ብለው ትራሳቸው ላይ ወደቁ።

የጠዋቱ አውቶቡስ ሄዷል። አዴራ መንገድ ዳር ወጥተው ገብስ የጫነ የጭነት መኪና በዱላቸው አስቆሙ። ከእኔ ጋርም ተሳፈሩ። «ጥፋቱ የኔ ነው፤ እኔ እናገራለሁ» አሉኝ። መንገዱን ሁሉ ሐኪሙ ለትምህርት ቤቴ ቢጽፉስ፣ ብባረርስ እያልኩ አሰብኩ። ከዚያ የአያቴ ጥቁር ከንፈር ትዝ ይለኝና በማሰቤ አፍራለሁ።

ሐኪም ቤቱ ስንደርስ አዴራን ቀድሜ እኔ ተናገርኩ። ከክፍሉ መውጣቴን፣ በሩን መዝጋቴን፣ ነርስም አለመሆኔን፣ ገና የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ መሆኔን ሳልቀንስ ነገርኳቸው። አዴራ ከኋላዬ ሆነው «ያኛው እኔ ነኝ፣ ዶክተር» አሉ። ሐኪሙ እሳቸውን አዩ፤ ብርጭቆዋን አዩ፤ መስታወታቸውን አነሡ።

ብዙ ጊዜ ጎንብሰው ቆዩ። ከዚያ ወንበሩን ለቀውልኝ «እዪ» አሉኝ።

አየሁ። ወይን ጠጅ ቀለም ያላቸው ነጥቦች፤ አንዳንዶቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው፣ ሌሎቹ እንደ ወይን ዘለላ ተሰብስበው።

«ሁለት እንግዳ» አሉ። «ጥንዱ ፔኒሲሊን ይፈራል። ዘለላው ግን ብዙ ጊዜ አይፈራም፤ ይስቃል። ለሱ ሌላ መድኃኒት።» ከቁም ሣጥናቸው ካፕሱሎች አውጥተው ቆጥረው ሰጡኝ። በስንት ሰዓት እንደሚዋጥ፣ ፔኒሲሊኑም እንዳይቋረጥ ነገሩኝ። የአዴራን ደረት አዳምጠው «አንተ ደህና ነህ። ትምባሆ ተው» አሏቸው። ልንወጣ ስንል ጠሩኝ። ቁጣውን ጠበቅሁ።

«ሌላ ጊዜ ከክፍሉ አትውጪ» አሉኝ። ያን ብቻ።

ካፕሱሉን በውኃ፣ ሲያቅታቸው በአጥሚት እያደረግን አዋጥናቸው። የመጀመሪያው ቀን ምንም አልተለወጠም። በሁለተኛው ቀን ግድግዳው ላይ ያሉትን ሰዎች መጥራት ተዉ። ያንን ለበጎ ልውሰደው ወይስ ለክፉ አላወቅሁም። በደብተሬ ውስጥ መልስ አልነበረውም። በሦስተኛው ማለዳ በሩን ስከፍት አንሶላው፣ ጋቢው፣ ትራሱ በላብ ርሶ ነበር። ግንባራቸውን በእጄ ነካሁት። ቀዝቃዛ ነው። ደንግጬ ደረታቸውን አየሁ። ደረታቸው ቀስ ብሎ ይነሣል፤ ቀስ ብሎ ይወርዳል።

«ሸሚዝ» አሉኝ፤ ዓይናቸውን ሳይከፍቱ።

ከሣጥኑ ንጹሑን ሸሚዝ አወጣሁና እንደ ልማዱ አልጋው ላይ አስቀምጬ ልወጣ ዞርኩ።

«የት ትሄጃለሽ?» አሉኝ። እጃቸውን እንደ ሕፃን ወደ ፊት ዘርግተውልኝ ነበር።

እርጥቡን አውልቄ ጀርባቸውን በፎጣ አደረቅሁላቸው። የአያቴን ጀርባ አይቼ አላውቅም ነበር። ከስቷል፤ አጥንቱ ይቆጠራል፤ በግራ ትከሻቸው ሥር ስለ እሱ ሰምቼ የማላውቀው አሮጌ ጠባሳ አለ። ስለ ጠባሳው አልጠየቅሁም። እጅጌውን በአንድ እጃቸው፣ ከዚያም በሌላው አስገባሁላቸው። ከታች ጀምሬ መቆለፍ ያዝኩ።

በዚህ መካከል ደጅ ላይ ያ ሳል ተሰማ፤ ከሳሉም በኋላ ድምፅ።

«አካም ቡልቴ፣ አንተ ሰውዬ? እንዴት አደርክ?»

ያን ሳምንት ሁሉ የመለስንላቸው እኛ ነበርን። አሁን አያቴ ራሳቸው፣ ቀጭን ቢሆንም በገዛ ድምፃቸው መለሱ።

«ነጋ፣ ሰላም ነው። ደህና ነኝ። ግባ።»

ገና ሦስት አዝራር ይቀረኝ ነበር።